ለትንሽ የአልሙኒየም ጀልባ የፊት ዴክ አሠራር፣ ከካርቶን ልኬት እስከ ውሃ ሙከራ

ትንሽ የአልሙኒየም ጀልባ ላይ ሆኖ አሳ ያጠመደ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ከፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ ስትወረውሩ ከውሃው ብዙም ከፍ ስለማትሉ ሣሩ ውስጥ ያለውን ነገር አታዩም። ልቁም ካላችሁ ደግሞ እግራችሁ የሚያርፈው ሽቅብ በተጠማዘዘው አፍንጫ ላይ ነው። እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ደረቅ ቢሆንም ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። መፍትሔው ከአፍንጫው እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ድረስ ያለውን ባዶ ቦታ በጠፍጣፋ ወለል መሸፈን ነው። እዚህ አሜሪካ ሁላችንም ዴክ ነው የምንለው፤ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ጀልባዬ 14 ጫማ ርዝመት፣ ወለሉ ላይ 48 ኢንች ስፋት ያለው፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጆን ቦት የሚባለው ዓይነት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖሂክ ቤይ፣ አንዳንዴም የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሬ ሜሪላንድ ማታዎማን ክሪክ እወርዳለሁ። ፖቶማክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተገኘው ስኔክሄድ የሚሉት አሳ ጥልቀት በሌለው ሣራም ውሃ ውስጥ ስለሚያደባ፣ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ተቀምጦ ከሚወረውረው በጣም ይሻላል። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ነው፣ ለአሳ ጉላሽ ከሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ዴኩን ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት። የመጀመሪያው ጀልባዬን ሊበላው ነበር፣ እንዴት እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው ይኸው አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። የማሳያችሁ የሁለተኛውን አሠራር ነው።

መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት

ከጀልባው ኋላ፣ በውስጥ በኩል የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ በታች የሆነ ባለሞተር ጀልባ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚችል የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፎበት ነው የሚሸጠው። የዴኩ ክብደት ከዚያ ቁጥር ላይ ነው የሚቀነሰው። ለምሳሌ ሰሌዳው 700 ፓውንድ ካለ፣ ሞተሩ 120፣ ባትሪው 50፣ ሁለት ሰው 360፣ ነዳጅና ዕቃው 80 ብትሉ 610 ደርሳችኋል። የቀራችሁ 90 ብቻ ነው፣ እሱንም አሟጣችሁ አትጨርሱት። ይሄን ሒሳብ ሳይሠሩ የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው ኋላ ላይ "ጀልባው ከበደኝ፣ አልፈጥን አለኝ" የሚሉት።

ሁለተኛው ነገር ፎሙ ነው። አግዳሚዎቹ ውስጥ የታጨቀው ፎም ጀልባው ውሃ ቢሞላ እንኳ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዘው እሱ ነው። አግዳሚው ራሱም ሁለቱን ጎኖች ጨምድዶ ስለሚይዝ፣ ቢወጣ የጀልባው ጎን ይላወሳል። ዕቃ ማስቀመጫ ለማግኘት ብለው አግዳሚውን ቆርጠው ፎሙን የሚጥሉ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የኛ ዴክ አግዳሚውን ተደግፎ ይቆማል እንጂ አይተካውም።

ከፍታውን መወሰን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዴኩ ከጎኑ ጠርዝ እኩል ሲሆን ያምራል፣ ከሥሩም ብዙ ቦታ ይገኛል። ግን አንድ ሰው ሲቆም ክብደቱ እምብርቱ አካባቢ ነው ያለው፣ ያንን ክብደት በእያንዳንዱ ኢንች ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር ጀልባው በቀላሉ ይዘማል። ከዚያም በላይ ስትንገዳገዱ ቅልጥማችሁን የሚይዝላችሁ ነገር አይኖርም። 48 ኢንችና ከዚያ በታች ስፋት ላለው ጀልባ ዴኩ ከአግዳሚው እኩል ይሁን፣ ከዚያ አይለፍ። የኔ ጎን 20 ኢንች ነው፣ አግዳሚው 12፣ ስለዚህ ዴኩ ላይ ቆሜ 8 ኢንች ግድግዳ ይተርፈኛል። ያቺ 8 ኢንች ብዙ ጊዜ ይዛኛለች።

ከመሥራታችሁ በፊት የምትሞክሩበት ቀላል መንገድ አለ። ላይፍ ጃኬት ልበሱ፣ ጀልባውን ጉልበት የሚደርስ ውሃ ላይ አውጡት፣ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ቁሙና ግራ ቀኝ ተወዛወዙ፣ መወርወርም ሞክሩ። ልባችሁ ካልተረጋጋ፣ ዴኩን ከአግዳሚው 3 ወይም 4 ኢንች ዝቅ አድርጉት።

ዕቃው፣ በተለይ እንጨቱ

የመጀመሪያውን ዴክ የሠራሁት በአረንጓዴ መድኃኒት በተነከረ እንጨት ነበር። የሸጠልኝ ሰው "ውሃ አይበላውም፣ ለጀልባ የሚሆነው ይሄ ነው" ብሎኝ አምኜው ወሰድኩ። እውነትም እንጨቱን ውሃ አልበላውም። ከሁለት በጋ በኋላ አንዱን እግር ላጠብቅ ብዬ ሳነሳው፣ እንጨቱ የተኛበት ላሜራ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ምስር ምስር የሚያክሉ ጉድጓዶች ወጡ። ጀልባው ሥር በእጅ መብራት አብርቼ ከላይ ሳይ፣ አንዷ ጉድጓድ ብርሃን ታሳልፋለች።

ምክንያቱ መዳብ ነው። እንጨቱን ከምስጥና ከሻጋታ የሚጠብቀው መድኃኒት መዳብ አለበት። መዳብና አልሙኒየም በእርጥበት ሲገናኙ ልክ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላውም አልሙኒየሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት ሥራ የሚሸጠው እንጨት አርሴኒክ ያለበትን የድሮ መድኃኒት ሲተው፣ በምትኩ የገባው መዳቡ የበዛ ስለሆነ ነገሩ ብሷል። ቀለም ብትቀቡትም፣ ፕላስቲክ ብታነጥፉበትም ይህ እንጨት አልሙኒየም ጀልባ ውስጥ አይግባ።

ለአጥንቱ እንጨት ጭራሽ አያስፈልግም። ኤል ቅርጽ ያለው አልሙኒየም፣ አገር ቤት ብረት ሠራተኛው አንጎላሬ የሚለው ቅርጽ፣ 1 ተኩል በ1 ተኩል ኢንች ሆኖ ውፍረቱ 1/8 ኢንች የሆነውን ግዙ። አንድ ጫማው ግማሽ ፓውንድ እንኳ አይሞላም። 2 በ4 የሚሉት ተራ ደረቅ እንጨት ግን በጫማ ከአንድ ፓውንድ በላይ ነው። ለኔ ዴክ 24 ጫማ ገደማ ፈጀ፣ ሁሉም ተደምሮ 10 ፓውንድ አካባቢ መጣ።

ከላይ ለሚነጠፈው ግማሽ ኢንች ፕላይውድ፣ ማለትም ኮምፔርሳቶ፣ ይበቃል። ለባሕር ሥራ የተሠራው ውድ ነው። ለቤት ውጭ የሚሆነውም ሙጫው ውሃ ይችላል፤ ዋናው ልዩነት የባሕሩ ውስጡ ክፍተት የሌለው መሆኑ ነው። እኔ የውጩን ወስጄ በደንብ አሸግኩት። 3/4 ኢንቹን አትግዙ። አጥንቱን በየ12 ኢንቹ ካደረጋችሁ ግማሹ አይረግብም፣ ክብደቱን ደግሞ በሲሶ ትቀንሳላችሁ። "ለምን ሙሉውን በአልሙኒየም ላሜራ አልሸፍነውም?" የሚል ካለ ይቻላል፣ አይበሰብስም። ግን 1/8 ኢንች ላሜራ ከግማሽ ኢንች ኮምፔርሳቶ ትንሽ ይከብዳል እንጂ አይቀልም፣ ሐምሌ ላይ በባዶ እግር አይረገጥም፣ ፒንሳ ሲወድቅበትም ድምፁ አሳውን ሁሉ ያባርራል።

የቀረው ዕቃ እንግዲህ ይሄ ነው፦ 3/16 ኢንች ሪቬት (ሁለት ላሜራ አልፎ አንድ ላይ የሚያስር) መሐሉ ያለው ሚስማር ጭምር አልሙኒየም የሆነ፣ ሪቬት መምቻ፣ ለሱ የሚሆን ቁጥር 11 የድሪል ጥርስ፣ ስቴይንለስ ብሎን ከዳዶና ከሮንዴላው ጋር፣ ኤፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ፣ እንጨቱን ከውሃ የሚያሽግ)፣ ውሃ ልክ፣ ስኳድራ፣ ሞርሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ትልልቅ ካርቶኖች።

ጀልባውን ማስተካከል

ጀልባው ትሬለር ላይ ሲሆን አፍንጫው ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ነው የሚሆነው። ውሃ ልኩን ዴኩ ላይ ብቻ እያያችሁ ከሠራችሁ ውሃ ላይ ሲወርድ ተንጋዶ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሁለቱን ጎን ጠርዝ ለኩ፣ የትሬለሩን ጃክ እያዞራችሁ ከፊት ወደ ኋላ ቀጥ አድርጉት፣ ከግራ ወደ ቀኝም ከጎማው ሥር ጣውላ እያስገባችሁ አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ ልኩ የሚነግራችሁ እውነት ይሆናል። ውስጡን እጠቡና አድርቁት። በብረት ብሩሽ ግን አትፈግፍጉት፣ የብረት ቅንጣት አልሙኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ ይቀርና ዝገት ያመጣል።

ካርቶኑ

የጀልባ አፍንጫ ቀጥ ያለ መስመር የለውም፣ ግራውና ቀኙም እኩል አይደሉም። በሜትር ለክታችሁ ኮምፔርሳቶ ብትቆርጡ ታበላሹታላችሁ። ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን የመጣበት ካርቶን ፈልጉ፣ ከጀልባው ትንሽ አጥብባችሁ ቁረጡትና ዴኩ በሚሆንበት ከፍታ ላይ በሳጥን ደግፉት። ከዚያ የተማሪ ኮምፓስ አንዱን እግር የጀልባውን ግድግዳ እየነካ፣ እርሳሱ ካርቶኑ ላይ እየጻፈ ዙሪያውን አዙሩት። እኔ ስሠራ ልጄ ካርቶኑ እንዳይንሸራተት በሁለት እጇ ተጭና ነበር፤ አንድ ሰው ቢያግዛችሁ ጥሩ ነው። የግድግዳው ጉብታና ጎድጓዳ ሁሉ መስመሩ ላይ ይወጣል። ካርቶኑን አዲስ ካርቶን ላይ ዘርጉና፣ ኮምፓሱን ሳታሰፉ ሳታጠቡ አንዱን እግር መስመሩ ላይ እያስኬዳችሁ ያንኑ ርቀት ወደ ውጭ አዲሱ ላይ በእርሳሱ አስምሩ፤ ትክክለኛውን ቅርጽ ይሰጣችኋል። አዲሱን ቆርጣችሁ ጀልባው ውስጥ ግጠሙት። ካልገጠመ በካርቶን ድጋሚ መሞከር ምንም አያስወጣም።

ካርቶኑ ከገጠመ በኋላ ዙሪያውን 1/4 ኢንች ቀንሱ። ጀልባው ማዕበል ሲመታው ጎኑ ይተነፍሳል፣ ዴኩ ጥብቅ ብሎ ከገባ ሲንቋቋ ይውላል።

አጥንቱን መሥራት

ከኋላ ጀምሩ። አንድ ረጅም አንጎላሬ የአግዳሚውን የፊት ገጽ ተደግፎ ይሄዳል። ከአግዳሚው አናት ምን ያህል ዝቅ ይበል? የኮምፔርሳቶው ውፍረት ሲደመር ከላይ የምትለብጡት ነገር ውፍረት። እንደዚያ ከሆነ ዴኩና አግዳሚው እኩል ይሆናሉ፣ በጨለማ ስትራመዱ እግር አይመታም።

የጎኖቹ አንጎላሬዎች የሚያያዙት ከጎድኖቹ ጋር ነው። ጎድን የምላችሁ ጀልባውን ከውስጥ እያቋረጡ የሚሄዱትን፣ ባርኔጣ የመሰለ ቅርጽ ያላቸውን ድጋፎች ነው። ውስጣቸው ክፍት ስለሆነ ሪቬቱ ጎድኑን ብቻ ይይዛል እንጂ የጀልባውን ቆዳ አይበሳም። ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ እዚህ ላይ ነው፦ ከውሃው መስመር በታች የጀልባውን ቆዳ አትብሱ። ድሪሉ አልፎ እንዳይሄድ የጥርሱን ጫፍ 1/4 ኢንች ብቻ አስቀርታችሁ የቀረውን በትንሽ እንጨት ቁራጭ ውስጥ አሳልፉት፣ እንጨቱ ሲነካ ድሪሉ ይቆማል። በቴፕ ምልክት ማድረግ አይበቃም፣ እጅ ሲደክም ቴፕ አያስቆምም።

ጎኖቹ ወደ ውጭ ስለሚያጋድሉ አንጎላሬው ልክ አይገጥምም። ረጅሙን በግድ ከማጣመም ለእያንዳንዱ ጎድን 3 ኢንች ቁራጭ ቆርጣችሁ ሞርሳ ውስጥ ትንሽ ከፈት ብታደርጉት ይቀላል። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገሩትን በየ12 ኢንቹ አስቀምጡ። መሐላቸው ላይ ሁለት ሁለት እግር አድርጉላቸው፣ የእግሩ መርገጫ ጎድን ላይ ይረፍ፣ ባዶ ላሜራ ላይ አይቁም።

ሁሉንም በሞርሳ ይዛችሁ፣ ካርቶኑን ከላይ አስተኝታችሁ፣ ውሃ ልኩን አይታችሁ ከረካችሁ በኋላ ነው ሪቬት የሚመታው። መጀመሪያ አንዱን ጫፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ መሐሉን መጨረሻ። ሪቬቱ ሲጠብቅ ሚስማሩ ቷ ብሎ ይቆረጣል። ቷ ካለ በኋላ ሪቬቱ በጣት ሲነካ የሚዞር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል ወይም ሪቬቱ ረዝሟል፣ አውጡትና ድገሙት። ፍርፋሪውን በቫኪውም ልቀሙ፣ አለበለዚያ ውሃ መጣያው ፓምፕ ውስጥ ይገባል።

አጥንቱ ላይ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ጣል አድርጉና ቁሙበት፣ ዝለሉበትም። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አሁን ነው የሚስተካከለው።

ኮምፔርሳቶውን መቁረጥና ማሸግ

የካርቶኑን ቅርጽ ኮምፔርሳቶው ላይ አስምሩ፣ ቁረጡ፣ ግጠሙ። የዕቃ መክፈቻውን ከዚያው ላይ አውጡት፣ የወጣው ቁራጭ ክዳን ይሆናል። የመክፈቻው ማዕዘን ክብ ይሁን፣ ስል ማዕዘን ሲረገጥ ይሰነጠቃል። ከዙሪያው ከሥር በኩል አንጎላሬ ይዙርበት፣ ክዳኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ኤፖክሲው ላይ አትቸኩሉ። ዴክ የሚበሰብሰው ከጠርዙና ከብሎን ቀዳዳው ነው። ጠርዙ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጠርዙን ቀቡ፣ ሲጠጣ ድገሙ፣ መጠጣት እስኪያቆም። ከዚያ ከላይም ከታችም ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ሰፋ አድርጋችሁ በሱ፣ በኤፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ መሐሉን በትክክለኛው ጥርስ ድጋሚ በሱት። እንደዚያ ሲሆን ብሎኑ እንጨቱን ጭራሽ አይነካውም። ጋራዡ ቀዝቃዛ ከሆነ ኤፖክሲው አይደርቅም፣ ሙቅ ቀን ጠብቁ። ጓንት ልበሱ፣ በር ክፈቱ። ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ካያችሁ በውሃ እጠቡትና ነው በብርጭቆ ወረቀት የምታሹት፣ ሳታጥቡ ካሻችሁት ቀለሙ አይይዝም። ፀሐይ ኤፖክሲን ስለሚያበላሽ ከላዩ የግድ አንድ ነገር መልበስ አለበት።

ምን ይልበስ? ብዙው ሰው የጀልባ ምንጣፍ ያደርጋል። ለስላሳ ነው፣ ድምፅ ይውጣል። ግን ውሃ ይዞ ይቆያል፣ መንጠቆም ይይዛል፣ የአሳ ሽታ አይለቀውም። እኔ አሸዋ የተቀላቀለበት የማያንሸራትት ቀለም ቀብቼ፣ የምቆምበት ቦታ ላይ ብቻ ኢቪኤ የሚሉትን ስስ ፎም ለጠፍኩ። ቀለሙ ነጣ ያለ ይሁን፣ ጥቁር ያቃጥላል። ምንጣፍ ከመረጣችሁ ስቴፕሉ ስቴይንለስ ይሁን።

መግጠም

ዴኩን በሙጫ አታጣብቁት። አንድ ቀን ሥሩን ማየት ይኖርባችኋል፣ ያኔ በካቻቪቴ ተፈትቶ መነሳት አለበት። እጅ የሚደርስበት ቦታ ብሎንና የማይላላ ዳዶ፣ የማይደርስበት ቦታ የስቴይንለስ ቪቴ። ስቴይንለስም ከአልሙኒየም ጋር ይጣላል፣ ግን ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱ ይዘገያል። የጀልባ ዕቃ ቤት የሚሸጠውን፣ ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ የሚለያይ ቅባት የብሎኑ ጥርስ ላይ ቀቡት፣ ከዓመታት በኋላም በቀላሉ ይፈታል። ሲሊኮን አትጠቀሙ፣ አንዴ የነካው ቦታ ላይ ከዚያ በኋላ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም አይይዝም።

ከፊት ትሮሊንግ ሞተር፣ ማለትም ጀልባውን ቀስ አድርጎ የሚነዳ ትንሽ የባትሪ ሞተር፣ የምትሰቅሉ ከሆነ የሚቆምበት ኮምፔርሳቶ ሥር የአልሙኒየም ሳህን አድርጉ፣ ብሎኑ ሁለቱንም አልፎ ይታሰር። ባለ 12 ቮልት፣ 55 ፓውንድ የሚገፋ ሞተር ሙሉ ኃይሉ ላይ 50 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ቀጭን ሽቦ ይግላል። በአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ቁጥር 6 ኬብል፣ 60 አምፔር ብሬከር፣ ብሬከሩም ከባትሪው ራስ በ7 ኢንች ውስጥ ይሁን። ባትሪውን ግን ከዴኩ ሥር ለማስገባት አትጓጉ። እናንተ፣ ሞተሩና ባትሪው ሁላችሁም ከፊት ከሆናችሁ አፍንጫው ይደፋል። የኔ ከመሐለኛው አግዳሚ ጀርባ ታስሮ ነው ያለው። ከሥር ማስገባት ግዴታ ከሆነባችሁ የተለመደው የአሲድ ባትሪ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር መግቢያ ተዉለት።

ውሃ ላይ

የማፍሰሻውን ቡሽ መግጠማችሁን አይታችሁ ጥልቀት የሌለው፣ ነፋስ የሌለበት ቦታ አውርዱት። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ሰው ይኑር። በፌዴራል ሕግ ጀልባው እየሄደ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለብሶት መቀመጥ አለበት፣ እኔ ግን ዴክ ላይ የሚቆም ሁሉ ይልበስ እላለሁ። መጀመሪያ ብቻችሁን ቁሙ፣ ከዚያ ጠርዙ አጠገብ ቁሙ፣ ከዚያ ሁለታችሁ ሆናችሁ ከኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ሞክሩት። አፍንጫው ከተደፋ ነዳጁን ወይም ባትሪውን ወደ ኋላ ግፉ። ሞተሩ እየሮጠ ዴኩ ላይ ማንም አይቁም አይቀመጥም፣ አንድ ማዕበል ይበቃዋል።

ቤት ስትመለሱ ቡሹን ንቀሉ፣ አፍንጫውን በጃኩ ከፍ አድርጉት፣ ክዳኑን ክፍት ተዉት። ሦስት ጊዜ ከወጣችሁ በኋላ ሪቬቶቹን አንድ በአንድ በጣት ንኩ። ዙሪያው ጥቁር ቀለበት የሠራ ሪቬት ካለ ላልቷል ማለት ነው፣ በድሪል አውጡትና ሌላ ምቱ።